ክሬአቲኒን 1.5፦ ኩላሊቴ አበቃለት ወይስ ገና ነው?

ጥያቄው፦ «የ46 ዓመት ወንድ ነኝ። የደም ግፊት እንዳለብኝ ካወቅኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ኢናላፕሪል እወስድ ነበር። ወገቤን ስለሚያመኝ ዲክሎፍናክ ከጀመርኩ ሁለት ወር አልፎኛል። ሕመሙ አልለቅ ሲለኝ ‹ኩላሊቴ ነው› ብዬ ከወር በፊት ተመረመርኩ። ክሬአቲኒን 1.5 ሆነ። ‹ኩላሊትህ ደከም ብሏል› ተባልኩ፤ ሌላ ያብራራልኝ የለም። የግፊት ክኒን ኩላሊት ይጎዳል ሲባል ስለሰማሁ ኢናላፕሪሉን ካቆምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ኩላሊቴን እንዲያጥብልኝ በቀን አምስት ሊትር ውሃ እጠጣለሁ። አባቴ እጥበት ላይ ነበር፤ በ61 ዓመቱ አረፈ። እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ነው? የሚያድን መድኃኒትስ ተገኝቷል?»

ከአጣዳፊው ልጀምር። ዲክሎፍናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ግፊትዎንም ዛሬውኑ ይለኩ። ኢናላፕሪሉን በራስዎ ውሳኔ ማቆምዎ ስህተት ነበር፤ እንዴት እንደሚመለሱበት ወደ ታች እነግርዎታለሁ። የውሃው ነገር ትርፉ ድካም ነው። ኩላሊቴን ልጠብቅ ብለው የሚጠብቀውን ክኒን ጥለው የሚጎዳውን ይዘው ቀርተዋል። በዚህ እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም።

«ደከም ብሏል» የሚለውን አነጋገር አልወደውም። ሰውን ያስደነግጠዋል እንጂ ምንም አይነግረውም። አንድ የክሬአቲኒን ቁጥር ብቻውን «በሽታ አለብህ» ለማለትም «የለብህም» ለማለትም አይበቃም። ክሬአቲኒን ጡንቻ በየዕለቱ ሲሠራ የሚተርፍ ቆሻሻ ነው። ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን እንግዲህ ሁለት ነገር ላይ ይመሠረታል፦ ምን ያህል ተመረተ፣ ምን ያህልስ ወጣ። ጡንቻው የደረጀ ወጣት ጤነኛ ኩላሊት ይዞ 1.3 ሊያሳይ ይችላል። ሰውነቷ የከሳ አሮጊት ደግሞ የኩላሊቷን ግማሽ ያህል አቅም አጥታ 1.0 ታሳያለች፤ ላብራቶሪውም «ኖርማል» ብሎ ይሸኛታል። ከምርመራው በፊት ብዙ ሥጋ የበላ፣ ለጡንቻ ብሎ ክሬአቲን የሚወስድ፣ ወይም ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን አንቲባዮቲክ የጀመረ ሰው ኩላሊቱ ሳይነካ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል።

ለዚህ ነው ቁጥሩን ወደ ማጣሪያ መጠን የምንቀይረው። ዕድሜንና ጾታን የሚያስገባ ቀመር አለ። ውጤቱ ኩላሊቶችዎ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ከደም ያጣራሉ የሚል ግምት ነው። የእርስዎ 1.5 በ46 ዓመት ወንድ ላይ 58 ገደማ ይሰጣል። ያው 1.5 በ70 ዓመት ሴት ላይ ቢገኝ 37 ነው። የተጠቀምኩት በ2021 የወጣውን ቀመር ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረው ቀመር ለጥቁር ሰው ውጤቱን በ16 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርግ ነበር። የጥቁሮችን በሽታ ደብቆ ያቆያል የሚል ትችት ተነሳበት፤ ዘር ከስሌቱ ወጣ። ላብራቶሪዎ አሮጌውን ከተጠቀመ ቁጥሩ ከእኔ ቢለይ አይገረሙ።

ግምት ነው ያልኩትን ልብ ይበሉ። ከአሥር ሰው በዘጠኙ ገደማ ላይ ግምቱ ከእውነተኛው መጠን በ30 በመቶ ክልል ውስጥ ያርፋል። የእርስዎ 58 በእውን 48ም ሊሆን ይችላል፣ 70ም። ጥርጣሬ ሲኖር ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ የደም ምርመራ አለ። እሱን የጡንቻ ብዛት ብዙም አይነካውም።

ሰው ሁሉ የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ክሬአቲኒን መጀመሪያ ላይ ዝም ይላል፣ ኋላ ላይ ይጮኻል። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ወንድ ከ0.8 ወደ 1.6 ሲሄድ የማጣሪያ መጠኑ (ከቁጥር ጋር «ማጣሪያው» ስል ይህን መጠን ማለቴ ነው) ከ110 ወደ 53 ይወርዳል። ግማሹ ሄደ ማለት ነው፤ ቁጥሩን ላየ ሰው ግን ትንሽ ከፍ ማለት ብቻ ይመስላል። ያው ሰው ከ4 ወደ 5 ሲሄድ የሚያጣው ከ18 ወደ 14 ነው። ሰዎች በሁለተኛው ይደነግጣሉ፣ የመጀመሪያውን ይንቁታል። መደንገጥስ በመጀመሪያው ነበር።

ቀጥሎ የጊዜ ጉዳይ ነው። ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ለመባል ችግሩ ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት አለበት። ማጣሪያው ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከዘለቀ፣ ወይም ማጣሪያው ደህና ሆኖ ሌላ የጉዳት ምልክት ለሦስት ወር ከታየ ነው ስሙ የሚሰጠው። እርስዎ ያለዎት የአንድ ቀን ምርመራ ነው። በዚያ ላይ የተለካው ዲክሎፍናክና ኢናላፕሪል አብረው ሰውነትዎ ውስጥ እያሉ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ማጣሪያ ተጠምጥሞ የተቋጠረ የደም ስር ነው። ደም የሚገባበት ቀጭን ቧንቧ አለው፤ የሚወጣበትም ሌላ ቀጭን ቧንቧ አለው። ማጣራት የሚቻለው በቋጠሮው ውስጥ ግፊት ሲኖር ነው። ኩላሊት ያን ግፊት የሚያስተካክለው ሁለቱን ቧንቧዎች ጠበብ ሰፋ እያደረገ ነው። ዲክሎፍናክ፣ አይቡፕሮፌንና ዘመዶቻቸው መግቢያውን ያጠባሉ። ኢናላፕሪል መውጫውን ያሰፋል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚገባው ያንሳል፣ የሚወጣው ይቀላል፤ በቋጠሮው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ማጣሪያው ይቀንሳል፣ ክሬአቲኒንም ከፍ ይላል። ሽንት የሚያሸና ክኒን ወይም ከባድ ተቅማጥ ከተጨመረበት ደግሞ ደህና የነበረ ኩላሊት እንኳ በቀናት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ከ1.5ቱ ውስጥ የተወሰነው የመድኃኒቶቹ ጥምረት ያመጣው ሊሆን ይችላል። ዲክሎፍናኩ ከተተወ በኋላ ተመልሶ ሲለካ ነው እውነቱ የሚታወቀው።

«ታዲያ ኢናላፕሪሉም አለበት በለኛ!» ይሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የሰሙት ወሬ የሚሳሳተው። ሰው የኩላሊት ማጣሪያዎቹን ይዞ ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አይበቅልም። በግፊት፣ በስኳር ወይም በሌላ በሽታ የተወሰኑት ጠባሳ ሲሆኑ የቀሩት የእነሱንም ሥራ ይደርባሉ። ለመደረብ ደግሞ ውስጣቸው ያለውን ግፊት ይጨምራሉ። ለጊዜው ይሠራል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ያ ግፊት ራሱ እነሱንም ያቃጥላቸዋል። የመጀመሪያው በሽታ ቢቆም እንኳ ኩላሊት መድከሙን የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ኢናላፕሪል መውጫውን ሲከፍትላቸው ጫናው ይቀልላቸዋል። በጀመሩት ሰሞን ክሬአቲኒን ትንሽ ከፍ ማለቱ የዚያው ውጤት ነው። እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ እንታገሳለን። ከዚያ ካለፈ ግን ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን፤ ለምሳሌ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ትልቁ የደም ስር ጠቦ እንደሆነ።

ይህ የወረቀት ላይ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በ1993 የወጣ አንድ ጥናት የኢናላፕሪል ቤተሰብ የሆነውን ካፕቶፕሪልን በ409 የስኳር ሕመምተኞች ላይ ሞከረ። ሁሉም በሽንታቸው ፕሮቲን የሚያፈሱ ነበሩ። መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ ሞት፣ እጥበትና ንቅለ ተከላ አንድ ላይ ሲቆጠሩ በግማሽ ቀነሱ። በ2001 ተመሳሳይ ሥራ በሚሠሩት በሎሳርታንና በኢርቤሳርታን ላይ የተሠሩ ሁለት ትልልቅ ጥናቶችም በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያንኑ አቅጣጫ አሳዩ። የእርስዎን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰው ግን በ2022 የወጣው የብሪታኒያ ጥናት ነው። ማጣሪያቸው ከ30 በታች የወረደ 411 ሰዎች ተወሰዱ። ግማሾቹ እነዚህን ክኒኖች እንዲያቆሙ፣ ግማሾቹ እንዲቀጥሉ በዕጣ ተመደቡ። ሦስት ዓመት ተከታተሏቸው። ማቆሙ ኩላሊታቸውን አላሻሻለውም። ከእርስዎ በጣም የባሰ ኩላሊት ያላቸው ሰዎች እንኳ አቁመው ያተረፉት ነገር የለም።

የዚህ መድኃኒት ጥንቃቄዎች ግን እውነተኛ ናቸው። ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል። በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይወሰድም። ኢናላፕሪልን ከነሎሳርታን ጋር ደርቦ መውሰድ ጥቅም ሳይጨምር ኩላሊትን እንደሚጎዳ በ2008ም በ2013ም በወጡ ጥናቶች ታይቷል። ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ይዞዎት ምግብና ውሃ አልረጋ ካለ እስኪሻልዎ ለጥቂት ቀናት መተው አለበት፤ ሲሻልዎ ይመለሳሉ። ደረቅ ሳል ካስቸገረዎት ደግሞ በሎሳርታን ይቀየራል።

አሁን ወደ ጎደለው ምርመራ እንምጣ። ከላኩልኝ ነገር ሁሉ ያስገረመኝ ማንም ሽንትዎን አለማየቱ ነው። በ1827 ሪቻርድ ብራይት የተባለ ሐኪም ለንደን ውስጥ ሰውነታቸው ስላበጠ ሕመምተኞች ጻፈ። የሰዎቹን ሽንት በማንኪያ አድርጎ በሻማ ላይ ያሞቀው ነበር። ኩላሊታቸው የታመመው ሰዎች ሽንት እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል። አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ነው የሚረጋው። ጤነኛ ማጣሪያ አልቡሚንን አያሳልፍም፤ የተቀደደ ማጣሪያ ግን ያሳልፋል። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ስለ ኩላሊት የወደፊት ዕጣ ከሚናገሩት ሁሉ ዋነኛው ያው አልቡሚን ነው። ሻማውን ብቻ ነው የተውነው።

ዛሬ የሚለካው በሽንት ውስጥ ያለው አልቡሚን ከሽንቱ ክሬአቲኒን ጋር ተነጻጽሮ ነው። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይመረጣል። ለአንድ ግራም ክሬአቲኒን ከ30 ሚሊ ግራም አልቡሚን በታች ደህና ነው። ከ30 እስከ 300 መካከለኛ ማፍሰስ ነው። ከ300 በላይ ከባድ ነው። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ባለቀለም ወረቀት ትንሹን አልቡሚን ያመልጠዋል፤ «ወረቀቱ ምንም አላሳየም» መባል አያስተማምንም። ትኩሳት፣ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም ከባድ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ለጊዜው ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ ከፍ ካለ ይደገማል። ማጣሪያው 58 ሆኖ አልቡሚን የሌለው ሰውና ማጣሪያው 58 ሆኖ አልቡሚኑ 1,000 የሆነ ሰው አንድ በሽታ የያዛቸው አይመስሉም። አንዱ ምናልባት በዚያው ቁጥር ያረጃል። ሌላው በዓመታት ውስጥ ወደ እጥበት ሊሄድ ይችላል።

ወገብዎን በተመለከተ፦ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ በአብዛኛው አያምም። ክፉነቱም እዚያ ላይ ነው። የማጣሪያው ክፍል ሲጠፋ ሰው አይሰማውም፤ ሕመም የሚሰማው የኩላሊቱ ሽፋን ሲወጠር ወይም የሽንት ቧንቧው ሲዘጋ ነው። ጠጠር ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ መቀመጫ የሚያሳጣ ሕመም ያመጣል። ኢንፌክሽን ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ይመጣል። ለወራት የቆየ፣ ሲጎነበሱ ወይም ሲነሱ የሚብስ ወገብ በአብዛኛው የጡንቻና የአከርካሪ ጉዳይ ነው። ኩላሊትዎን ለማወቅ ያስመረመረዎት ሕመም ከኩላሊትዎ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በተፈቀደው መጠን ይውሰዱ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ያማክሩ። «ዲክሎፍናኩን በመርፌ ብወስደውስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። በመርፌም ሆነ በክኒን ደም ውስጥ ከገባ ያው ነው።

ውሃውን ቶሎ ልጨርሰው። ውሃ ኩላሊትን አያጥብም። ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ፤ ከዚያ 99 በመቶውን መልሰው ወደ ደም ያስገባሉ። የእርስዎ ግምት 58 እንኳ በቀን ወደ 83 ሊትር ነው። እዚያ ላይ አምስት ሊትር መጨመር ሽንት ቤት ያመላልሳል እንጂ የሚያጸዳው ነገር የለም። ይህም ተፈትኗል፦ ካናዳ ውስጥ መካከለኛ ደረጃ የኩላሊት በሽታ ያለባቸው 631 ሰዎች ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በቀን ከአንድ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ተጨማሪ ውሃ እንዲጠጡ ተመከሩ። በ2018 የወጣው ውጤት ከአንድ ዓመት በኋላ የማጣሪያው መቀነስ ልዩነት እንደሌለው አሳየ። ብዙ ውሃ የሚጠቅመው ጠጠር ለሚመላለስበት ሰው ነው። ከልክ ያለፈ ውሃ ደግሞ የደምን ሶዲየም አውርዶ ሰውን ሊያደናግር ይችላል። ሲጠማዎት ይጠጡ። በቃ።

ምክንያቱን ማወቅ ሌላው የቤት ሥራ ነው። በዓለም ላይ ኩላሊትን ከሚያደክሙት ቀዳሚዎቹ ስኳርና የደም ግፊት ናቸው። ግፊት ግን ተንኮለኛ ነው፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የታመመ ኩላሊትም ግፊትን ያመጣል። በ40 ዓመቱ ግፊት የጀመረው፣ አባቱ እጥበት ላይ የነበረ ሰው ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማስበው «ኩላሊቱ ቀድሞ ይሆን?» ብዬ ነው። አባትዎ ለምን እጥበት ላይ እንደገቡ ይጠይቁ። በኩላሊት ውስጥ ብዙ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚፈጥር የዘር በሽታ አለ፤ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። በእርስዎ ዕድሜ አልትራሳውንድ ይህን በቀላሉ ያሳያል። አልትራሳውንዱ ኩላሊቶቹ መጠናቸው ምን ያህል እንደሆነ፣ የሽንት መንገድ ተዘግቶ እንደሆነም ይናገራል። ኩላሊቶቹ አንሰው ከተገኙ ችግሩ የቆየ ነው ማለት ነው። ስኳር፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪም ይታዩ። በሽንት ውስጥ ደምና ፕሮቲን አንድ ላይ ከተገኙ የማጣሪያው ቁጣ ተጠርጥሮ ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና ሊወሰድ ይችላል። ሁሉም ሰው ግን ናሙና አያስፈልገውም።

«የሚያድን መድኃኒት» ላሉት፦ ጠባሳ የሆነን ማጣሪያ የሚመልስ ነገር የለም። ይመልሳል የሚልዎት ሰው ካለ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ። ዕፅዋትም «ተፈጥሮ ነው» ተብሎ አይታመንም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ብለው የተቀመመ ዕፅ የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ጠፋ፤ አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ ነበረበት። አንዳንዶቹም ኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው።

የሚያዘገይ መድኃኒት ግን አለ፤ ያለፉት ጥቂት ዓመታትም ከዚያ በፊት ከነበሩት ሃያ ዓመታት ይበልጥ የሚያስደስቱ ናቸው። ለስኳር ተብለው የተሠሩ፣ ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ ክኒኖች ኩላሊትን ሲጠብቁ ተገኙ። እነዚህ ደግሞ መግቢያውን ቧንቧ ጠበብ አድርገው ነው ጫናውን የሚቀንሱት። «ዲክሎፍናክም መግቢያውን ያጠባል አላልክም?» ካሉኝ ጥሩ አንባቢ ነዎት። ልዩነቱ እነዚህ የሚሠሩት ከልክ በላይ ተከፍቶ የነበረን መግቢያ ወደ ቦታው በመመለስ ነው። ዲክሎፍናክ ግን ኩላሊት በችግር ጊዜ ደም ለማግኘት የሚከፍተውን በር ይዘጋበታል። ከእነዚህ ክኒኖች አንዱ በሆነው በዳፓግሊፍሎዚን ላይ በ2020 የወጣው ጥናት 4,304 ሰዎች ነበሩት፤ ሲሶው ያህል ስኳር የለባቸውም። ከሁለት ዓመት ከምናምን በኋላ ማጣሪያቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የወረደ፣ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ወይም በኩላሊት ወይም በልብ ምክንያት የሞቱት ሲቆጠሩ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 14.5 በመቶ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 9.2 በመቶ ሆኑ። በ2023 ዘመዱ ኤምፓግሊፍሎዚን በ6,609 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳየ። በ2024 ደግሞ ከሌላ ቤተሰብ የሆነው የስኳር መድኃኒት ሴማግሉታይድ የኩላሊት በሽታ ባለባቸው የሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመምተኞች ላይ ከባድ የኩላሊት ችግርን በ24 በመቶ ቀነሰ።

ለእርስዎ ይሆናሉ? ገደቡን ልንገርዎ። ወደ ዳፓግሊፍሎዚኑ ጥናት የገቡት ሁሉ አልቡሚናቸው ከ200 በላይ ነበር። ኤምፓግሊፍሎዚኑም ማጣሪያቸው ከ45 በላይ የሆኑትን የተቀበለው አልቡሚናቸው 200 ከሞላ ብቻ ነው። ከረጢታማ ኩላሊት ያለባቸው ከሁለቱም ጥናት ውጭ ተደርገዋል። ስለዚህ የሽንት ምርመራዎና አልትራሳውንድዎ ሳይታዩ «ይውሰዱ» ብል ስለ ሌላ ሰው ኩላሊት እያወራሁ ነው። የጎን ጉዳትም አላቸው፦ የብልት ፈንገስ፣ አልፎ አልፎም ደምን አሲድ የሚያደርግ አደገኛ ሁኔታ። ከቀዶ ጥገና በፊትና ምግብ በማይረጋበት ሕመም ጊዜ ይቆማሉ።

ወደ እጥበቱ ፍርሃትዎ ልመለስ። ዕድሜን፣ ጾታን፣ ማጣሪያንና አልቡሚንን ይዞ የአምስት ዓመት ዕድልን የሚተነብይ ቀመር በ2011 ወጥቷል። ከ30 በላይ አገሮች ውስጥ ከ700,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተፈትሿል። በእርስዎ ዕድሜ ማጣሪያው 58 ሆኖ አልቡሚኑ ከ30 በታች ለሆነ ወንድ በአምስት ዓመት ውስጥ እጥበት ላይ የመግባት ዕድሉ ከመቶ አንድ አይሞላም። አልቡሚኑ ከፍ ካለ ዕድሉ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ደግሞም እጥበት በአንድ የክሬአቲኒን ቁጥር አይጀመርም። በ2010 የወጣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጥናት 828 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ቀድሞ መጀመር ዕድሜ እንደማያስረዝም አሳይቷል። ማጣሪያው ከ10 ወደ ታች ሲወርድና ምልክቶች ሲመጡ ነው ብዙ ጊዜ የሚጀመረው።

ከእጥበት ይልቅ እኔ ስለ እርስዎ የምሰጋው ልብዎን ነው። በ2004 አሜሪካ ውስጥ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ማጣሪያው ከ60 በታች ሲወርድ ጀምሮ የልብ ድካም፣ ስትሮክና ሞት ደረጃ በደረጃ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። የኩላሊት በሽታ ካለበት ሰው ብዙው እጥበት ላይ ሳይደርስ በልብና በደም ስር በሽታ ነው የሚሞተው። ሦስት ሳምንት ያለ ክኒን የቆየ ግፊት ስለዚህ አይቀለድበትም። የደም ማነሱ፣ የአጥንት መሳሳቱ፣ የደም አሲድ መሆኑ ማጣሪያው በጣም ሲወርድ የሚመጡ ናቸው፤ ገና ስለሆኑ አሁን አያስጨንቁዎት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ዲክሎፍናክ ቀረ፤ ተመልሶም አይገባም። በዚህ ሳምንት ክሬአቲኒንና ፖታሲየም ይለኩ፣ የጠዋት ሽንት ለአልቡሚን ይስጡ፣ አልትራሳውንድ ይነሱ፣ ስኳርዎን ይመርመሩ። ውጤቱን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ፖታሲየሙ ደህና ከሆነ ኢናላፕሪልን በሐኪሙ ትእዛዝ ይጀምሩ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ይለኩ። መነሻው 1.5 ከሆነ እስከ 1.9 ቢወጣ ክኒኑ አይቆምም። ሦስተኛውን ልኬት በሦስት ወር ያድርጉ፤ ያኔ ነው በሽታው ስም የሚያገኘው ወይም የሚቀረው። ጨው በቀን ከአምስት ግራም አይለፍ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም ማለት ነው። ሲጋራ ካለ ይቁም። ፕሮቲንን በገዛ እጅዎ አይከልክሉ፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደትዎ በቀን 0.8 ግራም ይበቃዎታል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። ሽንት በድንገት ከቀነሰ ወይም ከቆመ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ፊትዎ ወይም እግርዎ በቀናት ውስጥ ካበጠ፣ ጡንቻዎ ከዛለ ወይም ልብዎ ካልተስተካከለ፣ ግፊትዎ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስለ ወንድምና እህቶችዎ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን እጠይቃለሁ። አባታቸው እጥበት ላይ የነበሩ ናቸው። ግፊታቸውን ይለኩ፣ ክሬአቲኒናቸውንና የሽንት አልቡሚናቸውን አንድ ጊዜ ይዩ። የእርስዎ አልትራሳውንድ ከረጢቶች ካሳየ ደግሞ እነሱም አልትራሳውንድ ይነሱ።